ኮሶ አልቤንዳዞል ተወስዶበትም ለምን ይመለሳል? የሰገራ ምርመራውስ ለምን «የለም» ይላል?

የመድኃኒት መደርደሪያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ካዛንቺስና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ መድኃኒት ቤቶች በየጊዜው የሚመጣ ጥያቄ ነውና የሚያውቅ ያብራራልን። ደንበኛው «ኮሶ ታየብኝ፣ መድኃኒት ስጡኝ» ይላል፤ አልቤንዳዞል 400 አንድ ፍሬ ወስዶ ይሄዳል። ሁለት ወር ሦስት ወር ቆይቶ ያው ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ክሊኒክ ሰገራ ሰጥቶ «ምንም ትል አልታየም» የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ነጩ ነገር ግን ዛሬም ከውስጥ ሱሪው ላይ አልጠፋም።

ጥያቄዎቼ፦ ላብራቶሪው የሚያጣው ለምንድን ነው? ትክክለኛው መድኃኒትና መጠኑ ስንት ነው? ከመድኃኒት በኋላ የታየው የድሮው ትል ቅሪት ይሁን አዲስ በምን ይለያል? ቁርጥ አልተውም ለሚል ሰውስ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር የእውነት ይጠቅመዋል?

---

ሌንስ

የላብራቶሪውን ልመልስ፣ ሌላውን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ።

የበሬ ኮሶ (ቴኒያ ሳጂናታ) እንደ ወስፋት እንቁላሉን ሰገራ ውስጥ እየረጨ አይኖርም። እንቁላሉ በመጨረሻዎቹ የበሰሉ ክፋዮች (የትሉ ሰውነት የተሠራባቸው ቁራጮች) ውስጥ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው። ክፋዩ ከትሉ ተቆርጦ ብዙ ጊዜ በራሱ እየተሳበ በፊንጢጣ ይወጣል፤ እንቁላሉንም የሚያፈሰው ከወጣ በኋላ ወይም ሲወጣ በቆዳው ላይ ነው። አንዱ ክፋይ ከ80,000 እስከ 100,000 እንቁላል ይይዛል፤ ሰገራው ውስጥ ግን አንድም ላይገኝ ይችላል። በዚህ ላይ በተለመደው ምርመራ ስላይድ ላይ የሚወጣው ሰገራ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ የክብሪት ጫፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «አልታየም» የሚለው ወረቀት «ኮሶ የለብህም» ማለት አይደለም። ወረቀቱ ስለዚያች ቅንጣት ብቻ ነው የሚናገረው።

ከሰገራው ይልቅ ሦስት ነገር ይሻላል።

አንደኛው ራሱ ክፋዩ ነው። ደንበኛህ ያየውን ነገር በወረቀት ጠቅልሎ አያምጣው፤ ይደርቅና ለምንም አይሆንም። ክዳን ባላት ንጹሕ ዕቃ፣ ትንሽ ሳላይን (የጨው ውኃ) ወይም ንጹሕ ውኃ ጨምሮ፣ በዚያው ቀን ያምጣ። የሚያድር ከሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ወይም 70 በመቶ አልኮል ይጨመርበት። ላብራቶሪው በሁለት ስላይድ መሐል ጨፍልቆ ወደ ብርሃን ይይዘዋል። ከመሐሉ ግንድ ወደ ጎን የሚወጡ የማሕፀን ቅርንጫፎች አሉ፤ በአንድ ወገን ያሉትን ይቆጥራል። ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ከሆነ የበሬ ነው። 7 እስከ 13 ከሆነ የአሳማ (ቴኒያ ሶሊየም) ነው። ቅርንጫፎቹ ደብዝዘው ካስቸገሩ በጎኑ ባለችው ቀዳዳ በቀጭን መርፌ የቻይና ቀለም ይወጋበታል፣ ዛፉ ጥቁር ሆኖ ቁልጭ ይላል። ጓንት ግዴታ ነው፤ የአሳማው ከሆነ እንቁላሉ ለመርማሪውም አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ስኮች ነው። ጠዋት ከመታጠብና ከመጸዳዳት በፊት ግልጽ የሆነ ስኮች ፕላስተር በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ቆዳ ላይ ተጭኖ ይነሣና፣ ሙጫው ወደ ታች ሆኖ ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ነጣ ብሎ የማያሳይ ስኮች አታድርጉ፣ በማይክሮስኮፕ ጭጋግ ነው የሚሆነው። ለበሬ ኮሶ ይህ ከተለመደው የሰገራ ምርመራ በጣም ይበልጣል።

ሦስተኛው፣ የግድ ሰገራ ካልሆነ በቀር አይሆንም ከተባለ፣ ፎርሞል ኤተር የሚባለው ዘዴ ነው። 1 ግራም ያህል ሰገራ ተጣርቶ በሴንትሪፉጅ ስለሚከማች የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። በተለያየ ቀን ሦስት ናሙና ቢሰጥ ደግሞ ይበልጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንቁላሉ ብቻ ከታየ የበሬ ይሁን የአሳማ መለየት አይቻልም። ክብ፣ ቡናማ፣ ወፍራም ቅርፊቱ የመንኮራኩር ዘንግ የመሰለ ሰረዝ ያለበት፣ በውስጡ ስድስት ጥቃቅን መንጠቆ ያለው ነው፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ውጤቱ ላይ «ቴኒያ ሳጂናታ» ብሎ ከእንቁላል ብቻ የሚጽፍ ካለ ገምቶ ነው።

---

የመድኃኒት መደርደሪያ

ሌንስ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን መደርደሪያ ላይ ቆመን ያንን ሁሉ ማድረግ አንችልም። ሰውየው በቃል ሲነግረን ብቻ ኮሶ መሆኑን በምን እንወቅ?

---

ሌንስ

መልኩን አስነግረው። የበሬ ኮሶ ክፋይ ጠፍጣፋ፣ ነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ርዝመቱ 1 እስከ 2 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 5 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። ቅርፁ የተላጠ የዱባ ፍሬ ይመስላል፤ ትኩስ ሲሆን ይረዝማል ያጥራል፣ ይንቀሳቀሳል። «ሳልጸዳዳ ወጥቶ ልብሴ ላይ አገኘሁት፣ ይንፏቀቅ ነበር» ካለህ ሌላ ምስክር አያስፈልግህም ማለት ይቻላል። የአሳማው ብዙውን ጊዜ ከሰገራ ጋር ነው የሚወጣው፣ ተያይዞ በሰንሰለት ሆኖ፣ በራሱም አይሳብም።

«ክር የመሰለ፣ ቀጭን፣ ሌሊት የሚያሳክክ፣ ልጆቹም አለባቸው» ካለ ያ ኮሶ አይደለም፣ ትንሿ የፊንጢጣ ትል ናት፤ እዚያ ላይ አልቤንዳዞልህ ይሠራል። ክብና ረጅም፣ እርሳስ የሚያክል ከሆነ ወስፋት ነው። ንፍጥና የቲማቲም ልጣጭ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም።

---

ፍቱን

የመድኃኒቱ የኔ ድርሻ ነው።

አልቤንዳዞል 400 አንድ ጊዜ ለወስፋት ጥሩ ነው። ለኮሶ ግን አይበቃም። ለሦስት ቀን በተከታታይ ሲወሰድ የተወሰነውን ሰው ያድናል፣ አንዱ ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ የታችኛውን ሰንሰለት ብቻ ይበጥሰዋል። ሰውየው ረጅም ነገር ሲወጣ አይቶ ደስ ይለዋል። የትሉ ራስ (ጭንቅላቱ) አንጀት ግድግዳ ላይ በአራት መምጠጫው ተጣብቆ ከቀረ ግን ትሉ እንደገና ያድጋል፤ ክፋይ ለመጣል 2 እስከ 3 ወር ይበቃዋል። የደንበኞችህ «ሁለት ወር ሦስት ወር» የመጣው ከዚህ ነው።

(ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር አለ። በድሮ ዘመን አገራችንን የጎበኙ ፈረንጆች ሐበሻ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ (የኮሶ ዛፍን አበባ) ይጠጣል ብለው ሲገረሙ ጽፈዋል። ልማድ መስሏቸው ነበር። በእኔ ግምት ትሉ ራሱ ያወጣው ቀጠሮ ነው፦ አበባው ሰንሰለቱን ያወርዳል፣ የትሉ ራስ ይቀራል፣ ሰውየው ሲያድግበት ይጠጣል።)

ሁለት ትክክለኛ መድኃኒቶች አሉ።

ፕራዚኳንቴል። መጠኑ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እኛ ዘንድ የሚገኘው ፍሬ 600 ሚሊግራም ነው፣ ስለዚህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ትልቁ መጠን አንድ ፍሬ ማለት ነው። እዚህ ላይ ስሕተት ይሠራል፦ ይኸው ኪኒን ለቢልሃርዚያ በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው፣ ለዚሁ ሰው አራት ፍሬ ይሆናል። የትኛው በሽታ እንደሆነ ሳትጠይቅ በልምድ አራት አትቁጠር። ከምግብ ጋር፣ ሳይታኘክ በውኃ ይዋጥ፤ ከታኘከ ምሬቱ ያስመልሳል። ትንሽ ራስ ምታት፣ ማዞርና የሆድ ቁርጠት በዚያው ቀን ሊኖር ይችላል፣ መኪና የሚነዳ ከሆነ በዚያ ቀንና በማግሥቱ አይንዳ።

ለሁሉም የምትጠይቀው ሁለት ነገር አለ። የቲቢ መድኃኒት ላይ ነህ ወይ? ሪፋምፒሲን የፕራዚኳንቴልን መጠን በደም ውስጥ ክፉኛ ያወርደዋል፣ አብረው አይሰጡም። የሚጥል በሽታ አለብህ ወይ? የዚያ መድኃኒቶች የሆኑት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም ያወርዱታል። ከዚያ የሚብሰው ግን የሚጥለው ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ የአሳማ ኮሶ እጭ ያለበት እንደሆነ ነው፤ ፕራዚኳንቴል ያንን ሲነካ እብጠት ያስነሣል፣ መንቀጥቀጡም ይብሳል። የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ ያልታወቀ ብርቱ ራስ ምታት ያለበትንም፣ ወደ ሐኪም ላከው እንጂ አንተ አትስጠው።

ኒክሎሳማይድ። የድሮ ሰው ዮሜሳን ብሎ ያውቀዋል። ለአዋቂ 2 ግራም፣ ማለትም 500 ሚሊግራም አራት ፍሬ። ከ11 እስከ 34 ኪሎ ለሆነ ልጅ 1 ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ 1.5 ግራም። ይህኛው ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ መታኘክ አለበት፣ ደቆ ነው የሚዋጠው፣ ለትንሽ ልጅ ተፈጭቶ በውኃ ይበጠበጣል። ሳይታኘክ የተዋጠ ኒክሎሳማይድ ትሉን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ «አልሠራልኝም» ከሚሉት ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። ቀላል ቁርስ በልቶ ይውሰድ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ እንደ ወትሮው ይብላ። በዚያ ቀን ጠላም ቢራም አይጠጣ። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ነው።

የሚያስቀምጥ መድኃኒት ለበሬ ኮሶ አያስፈልግም። ልማዱ የመጣው ከአበባው ነው።

---

ጥንቅሽ

ፍቱን፣ አንድ ጥያቄ። የአገር መድኃኒቶቹ ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ስንት መቶ ዓመት ሠርተዋል። ለምን ዝም ብለህ አለፍካቸው?

---

ፍቱን

አልናቅኳቸውም፣ ኮሶ ትልን እንደሚያወርድ ማንም አይክድም። ችግሩ ልኩ ነው። የአበባው ኃይል በአዝመራው፣ በዕድሜው፣ በአቀማመጡ ይለያያል፤ ዓመት መደርደሪያ ላይ የከረመውና ዘንድሮ የተለቀመው አንድ አይደሉም። ያው አንድ እፍኝ ለአንዱ ይሆናል፣ ሌላውን ያስመልሰዋል ያዝለዋል። ከመጠን ሲያልፍ የዓይን ነርቭ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ይታወቃል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም። አንድ ፍሬ ፕራዚኳንቴል እያለ ይህን ዕዳ መግባት አይታየኝም።

ወደ ጠያቂው ሦስተኛ ጥያቄ ልምጣ። መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የተቆራረጠ፣ የሟሸሸ ነገር ቢወጣ የሞተው ትል ነው፣ አትደንግጡ። ሁለቱም መድኃኒቶች ትሉን ስለሚያሟሙት የትሉ ራስ ሳይፈጭ አይወጣም፤ ስለዚህ «ራሱን አላየሁትም፣ አልወጣም» ብሎ እንደገና መድኃኒት መጠየቅ አያስኬድም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የሚንቀሳቀስ ክፋይ ከታየ መድኃኒቱ አልያዘም። ምንም ሳይታይ ሦስት ወር ካለፈ ድኗል በሉት። በሦስተኛው ወር ላይ አዲስ ቢታይስ? እዚህ ላይ ማንም በእርግጠኝነት ሊለየው አይችልም፤ የተረፈ ራስ የሚያድግበት ጊዜና አዲስ የተበላ ትል የሚደርስበት ጊዜ እኩል ነው። በመሐሉ ጥሬ ሥጋ በልቷል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ መልሱን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይነግርሃል።

---

ቢላዋና ማኅተም

የሥጋ ምርመራ ሥራ ላይ ስላለሁ ሥጋውን ለኔ ተዉት።

ትሉ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በሬ መሐል መግባት አለበት። እንቁላሉ ሰው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳበት ግጦሽ ወይም ፍሳሽ ከነካው ሣር ጋር በበሬው ይበላል። አንጀቱን በስቶ በደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ እዚያ እጭ ይሆናል። 10 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ሰውን መያዝ ይችላል። ሲታይ የገብስ ወይም የሽንብራ ፍሬ የሚያክል፣ ውኃ የቋጠረ፣ ዕንቁ የመሰለ ነጭ ፊኛ ነው፤ ወደ ብርሃን ስታዞረው መሐሉ ላይ የጠብታ ያህል ነጭ ነጥብ አለች፣ ያቺ የወደፊቱ ትል ራስ ናት። የሞተው ደግሞ ቢጫ፣ አይብ የመሰለ ወይም ኖራ ሆኖ ቢላዋ ስር የሚንኮሻኮሽ ነው።

መርማሪ ሁሉንም ሥጋ አይከትፍም፣ ቢከትፍ ማን ይገዛዋል? እጩ ይወዳቸዋል የሚባሉትን ቦታዎች ነው የሚሰነጥቀው፦ የመንጋጋ ጡንቻ፣ ምላስ፣ ልብ፣ የትከሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም። በብዛት የተገኘበት ሥጋ ይወገዳል፣ ጥቂት የተገኘበት ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። በአምስት ቦታ ያልታየ አንድ ሁለት ፍሬ ግን ሻኛው ውስጥ ወይም ዳቢቱ ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የየትኛውም አገር ምርመራ ጉድለት ነው። ማኅተሙ «ይህ እንስሳ ተመርምሯል» ይላል፤ «ጥሬውን ብላው» አይልም። የቅርጫው ደግሞ ጭራሽ ማኅተምም የለው። ለቅርጫ የምትሰበሰቡ ቢያንስ መንጋጋውን፣ ልቡንና ምላሱን ሰንጥቃችሁ እዩ፤ አንድ ካገኛችሁ ያ በሬ ለወጥ ነው፣ ለቁርጥ አይደለም።

አሁን ፍሪዘሩ። እጩን ቅዝቃዜ ይገድለዋል፣ ግን ቅዝቃዜውም ቀኑም ልክ አላቸው። የሥጋው መሐል ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደርሶ 10 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ደርሶ 7 ቀን። ልብ በሉ፣ የሥጋው መሐል ነው ያልኩት። አምስት ኪሎ ሥጋ በአንድ ፌስታል ጠቅልለህ ብታስገባ ላዩ ድንጋይ ሆኖ መሐሉ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። በጣት ውፍረት ቆርጠህ፣ በቀጭኑ ዘርግተህ አስገባ፣ ቀኑንም ሥጋው ጠንክሮ ከደረቀ በኋላ መቁጠር ጀምር። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሿ የበረዶ ሣጥን ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 10 እንኳ በወጉ አትይዝም፣ ቴርሞሜትር ከትታችሁ እዩት። መብራት ጠፍቶ ሥጋው ከለሰለሰ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። «ማታ አስገብቼ ጠዋት አወጣሁት» የሚለው ትሉን ከማቀዝቀዝ ያለፈ አያደርገውም።

በእሳት ደግሞ፦ ወፍራም ሥጋ መሐሉ 63 ዲግሪ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ይረፍ፣ የተከተፈ 71 ዲግሪ ይድረስ። ለብለብ የሚባለው ክትፎ ጣባው ላይ ቅቤው ሲቀልጥ ይወርዳል፣ ከዚህ አጠገብም አይደርስም። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ አረቄ፣ አንዳቸውም አይገድሉትም። እጩ ጡንቻ ውስጥ ታቅፎ ነው ያለው፣ ሚጥሚጣው የሚነካው ላዩን ነው፤ አረቄውም ሆድ ሲደርስ ተበርዟል። ቋንጣም ቢሆን የሚያስተማምነው በፍርፍሩ ወይም በወጡ ሲበስል ነው።

ጊዜውንም አስሉት። ጾም ሲፈታ ሚያዝያ ላይ የተበላ ሥጋ ክፋዩን የሚጥለው ሐምሌ አካባቢ ነው። ሰው ሐምሌ ላይ ያየውን የሰኔ ምግብ ያመኻኝበታል፣ የፋሲካውን ረስቶታል።

---

እናት ዓለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስረዱኝ። ኮሶ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ልጆችን ሊያስይዝ ይችላል? ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?

---

ፍቱን

እናት ዓለም፣ የበሬ ኮሶ እንቁላል ሰው ቢውጠው በሰው ላይ አያድግም፣ ስለዚህ ከአባት ወደ ልጅ አይሄድም። እጅ መታጠብ ለሌላው ሁሉ ይጠቅማል፣ የዚህኛው መንገድ ግን ሥጋው ብቻ ነው። የአሳማው ነው የተለየው፤ የዚያ እንቁላል ሰው ከዋጠው እጩ ጡንቻና አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ዘንድ የአሳማ ሥጋ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ የምናየው አብዛኛው የበሬው ነው፣ ሆኖም ውጭ አገር ኖሮ የመጣ ከሆነ ክፋዩን ሌንስ ባለው መንገድ ማስቆጠር ዋጋ አለው።

ነፍሰ ጡሯ ራሷ ኮሶ ካለባት የበሬ ኮሶ አጣዳፊ በሽታ አይደለም፣ ሐኪሟ ከወለደች በኋላ ይደርሳል ሊላት ይችላል። ለእሷ ከኮሶው ይልቅ በጥሬ ሥጋ የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ያሰጋኛል፣ እሱ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ከቁርጥ ይልቅ ጥብስ ትብላ፣ ያውም ደህና የበሰለ።

---

የመድኃኒት መደርደሪያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሰው በቃል የነገሩትን በር ላይ ይረሳዋል። የኪኒኑ ፖስታ ላይ የምንጽፈው አጭር ነገር ምን ቢሆን ይሻላል?

---

ፍቱን

ለፕራዚኳንቴል፦ «ምግብ በልተው፣ ሳያኝኩ፣ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ።» ለኒክሎሳማይድ፦ «አራቱንም አኝከው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዛሬ መጠጥ የለም።» ከሥሩ የዛሬን ቀንና ሦስት ወር ቆጥረህ የሚውልበትን ቀን ጻፍ፤ «እስከዚህ ቀን የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካዩ በዕቃ ይዘው ይምጡ» በል። ሪፋምፒሲን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ ካለህ ፖስታውንም አትጻፍለት፣ ወደ ሐኪም ምራው።

---

ሌንስ

«በዕቃ» ከምትል «በውኃ» በል። በሶፍት ጠቅልለው ነው የሚያመጡት።